ለሷ የተገዛ፣ ለኔ ነፃ

ዘይባ ጣውንቷን ፈቲሀን በአካል ያገኘቻት አንዴ ለቅሶ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ሠርግ ላይ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው፣ ስለ ልጆች ጤና ተጠያይቀው፣ ከዚያ አንዷ በድንኳኑ በዚህ ጥግ፣ ሌላዋ በዚያ ጥግ ተቀምጠው ውለዋል። ዘይባ ቡታጅራ ትኖራለች፤ ፈቲሀ ወልቂጤ። በካርታ ላይ ከተሞቹ ይቀራረባሉ፤ በመሃል ግን ተራራ አለ፣ ዘይባም ተራራው እዚያ ስለተቀመጠ አላህን ታመሰግን ነበር።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ባላቸው ሳላሀዲንና የእሱ የሕንፃ መሣሪያ ንግድ ነው። ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቀለም፣ የውሃ ቱቦ። ንግዱን ሲጀምሩት ፈቲሀ አልነበረችም። ሳላሀዲን እንሴኖ ገበያ ላይ ሚስማርና ማጠፊያ በጋሪ እያዞረ ሲሸጥ፣ ዘይባ የመጀመሪያ ልጇን ሀቢቡን አዝላ ከጎኑ ቆማ ትመዝንለት ነበር። ቡታጅራ ላይ ትንሽ ሱቅ ተከፈተ፤ ሱቁ ሰፋ፤ ከጀርባው መጋዘን ተሠራ። ኋላ ሳላሀዲን ወልቂጤ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተና ቅርንጫፉን እንድትይዝ ከተቀጠረችው የሂሳብ ምሩቅ ጋር ኒካህ አሰረ። ተደብቆ አላደረገውም። አስቀድሞ ነግሯታል፤ ሽማግሌም ልኮባታል። ዘይባም «አላህ ያሳምረው» አለች። አፏ ነው ያለው። ልቧን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሳላሀዲን በፍትሐዊነቱ የሚኮራ ሰው ነው። ለአንዷ ፍሪጅ ከገዛ ለሌላዋም ያንኑ ፍሪጅ፣ በቀለሙ ሳይቀር ይገዛል። ለዒድ ጨርቅ ሲያመጣ ከአንድ ጣቃ አስቆርጦ ነው። ሳምንቱንም ለሁለት ከፍሎ፣ ተራውን ሳያዛንፍ ይመላለሳል። «እኩል ማስተዳደር ካልቻልክ አንድ ትበቃሃለች ተብሏል፤ እኔ ግን ችያለሁ» ይላል ለጓደኞቹ። ዘይባ ይህን ስትሰማ ሰው ፊት ትስቃለች።

ከዓመታት በኋላ ይህን እኩልነት ያናጋው ኮምፒውተር ነው።

ወልቂጤ ቆርቆሮ አልቆ ደንበኛ ሲመለስ፣ ቡታጅራ መጋዘን ውስጥ ቆርቆሮ ተከምሮ ይዝግ ነበር። አንዱ ቤት ሌላው ቤት ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ ስልክ መደወል ብቻ ነው፤ ዘይባና ፈቲሀ ደግሞ አይደዋወሉም። ሁሉም ነገር በሳላሀዲን ስልክ በኩል ያልፋል፣ እሱም ግማሽ ዕድሜውን መኪና ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። በመጨረሻ ሁለቱን ሱቆች በአንድ ሲስተም ላገናኝ ብሎ ሃኒን አስመጣ። ሃኒ የቡኢ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ለንግድ ድርጅቶች ኮምፒውተር እየዘረጋች ትተዳደራለች። ሁለቱንም ሱቅ ዞራ አይታ፣ ቡታጅራ ከመጋዘኑ ጎን ባለችው ቢሮ ውስጥ ከባልና ሚስቱ ጋር ተቀመጠች።

«አንድ ዋና ኮምፒውተር ይኖራል» አለች። «ሰርቨር ነው የምንለው። የሁለቱም ከተማ ዕቃና ሽያጭ እሱ ላይ ይቀመጣል። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት እሱን እየጠየቁ ነው የሚሠሩት።»

«ዋናው የት ነው የሚቀመጠው?» አለች ዘይባ፣ ከባሏ ቀድማ።

«እዚሁ፣ ቡታጅራ። ጄኔሬተር ያላችሁ እዚህ ነው፤ የሚቆለፍ ክፍልም አለ።»

ዘይባ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። ዋናው እዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን በግማሽ ጆሮዋ ብትሰማም ግድ አልነበራትም።

«አሁን የሚቀረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም መምረጥ ነው» አለች ሃኒ ወደ ሳላሀዲን ዞራ። «ማንኛውንም ኮምፒውተር ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም አለ። እናንተ የምታውቁትን ልንገራችሁ፤ እንደ መሠረት ነው፤ ግድግዳውም ጣራውም እሱ ላይ ነው የሚቆመው። ሰርቨሩ ላይ ሊኑክስ እጭናለሁ። ሌት ተቀን ሳይጠፋ መሥራት ይችላል፤ ለፈቃድ ተብሎ የሚከፈልበትም የለም። እዚህ ያሉት የካሸር ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው፤ እነሱም ላይ ያንኑ ብጭን ይቀላቸዋል። ካሸሩ እንደሆነ ሲስተሙን ከፍቶ ደረሰኝ ከማተም ሌላ ሥራ የለውም።»

«ወልቂጤስ?» አለ ሳላሀዲን።

«ፈቲሀ የግብሩን ሂሳብ የምትሠራበት ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለእሷ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ እንገዛለን።»

ዘይባ ጆሮዋ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

«ትገዛላችሁ» አለች።

«አዎ።»

«ለኔስ?»

«ለእናንተ አያስፈልግም እትዬ። የእናንተ ነፃ ነው» አለች ሃኒ በደስታ። ደንበኛን የሚያስደስት ነገር የተናገረች መስሏት ነበር።

በዚያች ቢሮ ውስጥ ከዚያ በኋላ የተወራውን ዘይባ አታስታውስም። ነፃ የምትለዋን ቃል ይዛ ወጣች። ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ነፃ የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የተሰበረ ብሎኬት፣ ጫፉ የተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ቀለሙ የደረቀ ጣሳ። ሰው የሚወደውን ነገር ይገዛል። የማይገዛው የማይወደውን ነው።

መጋረጃው ከተጋረደ፣ ልጆቹም እራት በልተው ወደየክፍላቸው ከገቡ በኋላ ሳላሀዲንን አፋጠጠችው።

«ለሷ የተገዛ፣ ለኔ ነፃ።»

«ምኑ?»

«ታውቀዋለህ ምኑን።»

«ዘይባ፣ ይሄ እኮ ፍሪጅ አይደለም። ልጅቷ ባለሙያ ናት፤ ለሥራው የሚስማማውን ነው ያለችው።»

«ፍሪጅ ቢሆን እኩል ታደርገው ነበር።»

ሳላሀዲን መለስ ብሎ አያት። ሌላ ነገር ብትለው ኖሮ ይከራከራት ነበር፤ ይህችኛዋ ግን ስስ ቦታው ላይ ነው የገባችበት። በነጋታው ለሃኒ ደውሎ «ቡታጅራም ዊንዶውስ ይሁን» አላት።

«ጋሽ ሳላሀዲን፣ እነዚያ ኮምፒውተሮች እኮ አቅም የላቸውም። አዲሱ ዊንዶውስ ይከብዳቸዋል።»

«እኩል ይሁን ብያለሁ።»

«የካሸሮቹን እንዳላችሁ» አለች ሃኒ። «ሰርቨሩን ግን አልነካውም። እሱንም ቀይሪ የምትሉኝ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ዘይባ በዚህ አልተከፋችም። ሰርቨሩ ምንም ይጫንበት ምን፣ ቁልፉ ያለው በእሷ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ነው። ካሸሮቹ ላይ ግን የተገዛው ዊንዶውስ ተጫነ፤ ስክሪኖቹ ሲከፈቱ ያማረ የተራራ ሥዕል ወጣባቸው። ዘይባ ዋናውን ካሸር ሸረፋን «ሥዕሉን እንዳትቀይረው» አለችው።

ሥዕሉን ለማየትም በቂ ጊዜ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ጠዋት እስኪከፈቱ ሸረፋ ቁርሱን በልቶ ይመለስ ነበር። አንድ ደረሰኝ ለማውጣት ሲጫኑት የምትዞረው ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ደንበኛው ብር ይዞ ይቆማል፤ ተሸካሚው ፌሮውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ይጠብቃል። አንድ ቀን ኃይሌ የሚባል የታወቀ ኮንትራክተር ቆሞ ቆሞ ሰለቸው።

«ሸረፋ፣ ይሄ ደረሰኝ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

ሸረፋ አንገቱን ደፋ። ዘይባ ከኋላ ሆና «ጥሩ ነገር ጊዜ ይፈልጋል አቶ ኃይሌ» አለች።

«ጥሩ ነገር ከሆነስ ከመንገዱ ማዶም ይሸጣል» ብሎ ሳቀና ወጣ። በእርግጥም መንገዱን ተሻግሮ ከሌላኛው ሱቅ ገዛ። ከእሱ ኋላ የተሰለፉትም አንዳንዶቹ ተከተሉት። ዘይባ አየቻቸው። ሸረፋም ማየቷን አየ፤ ነገር ግን «እትዬ፣ ይሄን ነገር አውልቀን ያንን ቀላሉን ለምን...» ብሎ ሲጀምር እንደ መብረቅ ጮኸችበትና ሁለተኛ አላነሳውም።

ሲስተሙ ዘይባ ያልጠበቀችውን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ፈቲሀን አመጣላት። ቢሮዋ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር አንዱን ገጽ ስትከፍት የወልቂጤ ሽያጭ በሙሉ ይታያታል። ዛሬ ስንት ቆርቆሮ ወጣ፣ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ፣ የቱ ቀለም ሄደ። መጀመሪያ ለሥራ ነበር የምታየው። ኋላ ላይ ሱቁ ሲዘጋ የምታየው እሱን ብቻ ሆነ። ወልቂጤ ከበለጠች እራት አይወርድላትም። ቡታጅራ ከበለጠች ደግሞ «ዛሬ ምን ሆና ነው? አሟት ይሆን?» እያለች ታስባለች፣ አስባም በራሷ ትናደዳለች።

ከገጹ ጥግ ላይ ደግሞ በዚያች ሰዓት ሲስተሙ ውስጥ የገባው ሰው ስም ይዘረዘራል፤ ከስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ፣ ከነጥቡ አጠገብ የከተማው ስም። ሸረፋ፣ ቡታጅራ። ፈቲሀ፣ ወልቂጤ። ሳላሀዲን ወደ ወልቂጤ በሄደባቸው ቀናት የእሱ ስም ከፈቲሀ ስም ሥር ይበራል። ሁለቱ ነጥቦች ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ምናልባት አንድ ጠረጴዛ ላይ። ዘይባ ስንት ዓመት በሐሳቧ ብቻ የምታየውን ነገር አሁን በዓይኗ ታየው ጀመር። የባሏ ነጥብ ሲጠፋ ሥራ ጨርሶ ወደ ቤት ገባ ማለት ነው። የፈቲሀም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ዘይባ ኮምፒውተሩን ዘግታ ትነሳለች።

አንድ የገበያ ቀን ነው። ሳላሀዲን ተራው የዘይባ ቢሆንም ዕቃ ለማስጫን አዲስ አበባ ሄዷል፤ ሲመሽ ቡታጅራ እንደሚገባ ነግሯታል። ዘይባ እንደ ወትሮው ሲመሽ ሳይሆን ረፋድ ላይ፣ ወልቂጤ ፌሮ እንዳለ ለማየት ገጹን ከፈተች። ፌሮውን አላየችም። ያየችው ጥግ ላይ ያለውን ነው።

ሳላሀዲን፣ ወልቂጤ።

ገጹን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ነጥቡ በርቷል። ስልኳን አንስታ ደወለች።

«የት ነህ?»

«መርካቶ ነኝ፤ እያስጫንኩ ነው። ጫጫታ ነው እዚህ፣ ኋላ እደውልልሻለሁ» ብሎ ዘጋ።

ዘይባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ቀረች። የሰማችው ጫጫታ የመርካቶ ሊሆን ይችላል። የወልቂጤ ገበያም ይንጫጫል። ለስንት ዓመት የታመነችበት አንድ ነገር ቢኖር ተራው ነው። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ቀኔ ቀኔ ነው ትል ነበር ለራሷ። አሁን ቀኗንም ወስደዋል።

ከቢሮው ወጥታ የሰርቨሩን ክፍል ከፈተች። ጠባብ ክፍል ናት፤ ማራገቢያ ያጉረመርማል፣ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ከኋላው ያለውን ወፍራም ገመድ በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው። ማራገቢያው ትንፋሹን እየሳበ ዝም አለ።

ወዲያው ከውጭ የሸረፋ ድምፅ መጣ። «እትዬ፣ ሲስተሙ ሄደ!»

«ይሂድ» አለች ከመሬት ሳትነሳ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቀችውም። አነሳችው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ዘይባ። ፈቲሀ ነኝ።»

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንዷ ለሌላዋ ደውላ አታውቅም። «ወአለይኩም ሰላም» አለች ዘይባ።

«እዚያ መብራት ሄደ እንዴ? ሲስተሙ ተዘጋብን። መኪና እየተጫነ ነው፤ ሰውዬው ደረሰኝ ይጠብቃል።»

«መብራት አልሄደም። እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

ፈቲሀ ምክንያቱን እስክትጠይቅ አልጠበቀችም።

«ስልኩን ስጪው» አለች ዘይባ።

«ለማን?»

«ለሱ ነዋ። ለሳላሀዲን።»

«እትዬ፣ እሱ አዲስ አበባ ነው። ነገ ነው ወደ...» አለችና ራሷን ገታች፤ ነገ የማን ቀን እንደሆነ ማንሳት አልፈለገችም። «እዚህ የለም።»

«ስሙ እየበራ የለም ትይኛለሽ? ወልቂጤ ብሎ ጽፎት አይቻለሁ። እኔ ማንበብ የማልችል መሰለሽ?»

«እሱ እኮ እኔ ነኝ።»

«ማን?»

«በእሱ ስም የገባሁት እኔ ነኝ። ከዚያ መጋዘን ወደዚህ ዕቃ ሲዛወር እሱ ካላጸደቀው አይሄድም። መንገድ ላይ ሲሆን ሥራ ይቆምብናል፤ ስለዚህ ፓስወርዱን ሰጠኝ፣ እኔ አጸድቅለታለሁ።»

ዘይባ ግድግዳውን ተደገፈች። መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው፤ ባሏ አልዋሻትም፣ ቀኗንም የነካባት የለም። እፎይታው ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየላትም።

«ፓስወርዱን ሰጠሽ» አለች።

«አዎ።»

«መቼ?»

«ሲስተሙ ሲጀመር ነው መሰለኝ።» ከዚያ ፈቲሀ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ ጠየቀች። «አንቺ የለሽም እንዴ?»

«አለኝ እንጂ» አለች ዘይባ። «እንዴት አይኖረኝም።»

ግን አልነበራትም። እንሴኖ ላይ በፀሐይ አብራው የቆመችው እሷ ናት። በእሱ ስም መፈረም፣ በእሱ ስም እሺ ማለት፣ ይሁን ማለት፣ ይህን የሰጠው ግን ለሌላዋ ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ የተገዛ፣ ነፃ ስትል የከረመችው ሁሉ አሁን የልጅ ጠብ መሰላት። ስትፈልገው የኖረችው ይህ ነበር፤ ስሙን ስላላወቀችው በሌላ ነገር ስትከራከር ቆይታለች።

«እትዬ?» አለች ፈቲሀ። «እባክሽን አብሪው። ሰውዬው ሊያወርደው ነው።»

ዘይባ ገመዱን መልሳ ሰካች፤ የማብሪያውን ቁልፍ ተጫነች። ማራገቢያው ጮኸ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ መሮጥ ጀመረ።

«ምን ይላል?» አለች ፈቲሀ።

«እንግሊዝኛ ነው፤ ይሮጣል።»

«በድንገት ሲጠፋ ራሱን ይመረምራል ብላኛለች ሃኒ። ጊዜ ይወስዳል።»

ሁለቱም ስልኩን አልዘጉትም። ዘይባ ለምን እንዳልዘጋችው አታውቅም። ምናልባት የዚያችን ሴት ድምፅ ያለ ሠርግና ያለ ለቅሶ መስማት እንዴት እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ይሆናል። ድምፁ ካሰበችው ይልቅ የደከመ ነበር።

«አንቺስ በምን ተናደሽ ነው የነቀልሽው?» አለች ፈቲሀ። ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ፣ «እኔ ብሆንም እነቅለው ነበር» አለች። «ግን እኔ የምነቅለው የለኝም። ዋናው አንቺ ጋ ነው። እዚህ የምጽፈው ሁሉ አንቺ ዘንድ ነው ተቀምጦ የሚያድረው። አንቺ ጋ መብራት ሲጠፋ እኔ ሱቅ ውስጥ እንደ እንግዳ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።»

«አንቺ ደግሞ የተገዛው አለሽ» አለች ዘይባ።

«ምኑ?»

«ዊንዶውሱ።»

«ቢሮዬ ውስጥ ያለው ብቻ እኮ ነው። ካሸሮቼ ሁሉ ነፃው ናቸው። ለአንቺ ግን ለካሸሮቹም ተገዛ ሲባል ሰምቼ፣ ለእሷ ሁሉንም ለኔ አንዱን ብዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ።»

ዘይባ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ራሷም አልለየችውም። «የኔዎቹ አይሄዱም» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ጥሎኝ እየሄደ ነው።»

«የኔዎቹ ይሮጣሉ» አለች ፈቲሀ፤ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት፣ ዘይባም አልሳተችውም።

ጽሑፉ ቆመ። ከውጭ ሸረፋ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። «መጣ አይደል?» አለች ዘይባ። «መጣ» አለች ፈቲሀ። ሰላም ሳይባባሉ ስልኩን ዘጉ።

ሳላሀዲን ሲመሽ ደረሰ። ሻይ አላቀረበችለትም፤ ቆማ ጠበቀችው።

«ፓስወርድህን ለፈቲሀ ሰጥተሃል።»

ጫማውን እየፈታ ቀና አለ። «ለሥራ ነው። ዕቃ እንዳይቆም።»

«ለኔ አልሰጠኸኝም።»

«አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? እሷ ደውላ ደውላ አስጨነቀችኝ፣ ሰጠኋት። አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«መጠየቅ ነበረብኝ?» አለች ዘይባ።

ጫማው በእጁ እንዳለ ቀረ። የፍሪጁን ቀለም ሳይቀር የሚያስታውስ ሰው ይህን እንዴት እንዳላየው ለራሱም ግራ የገባው ይመስላል። «አሁን ልስጥሽ» አለ።

«አልፈልግም። የሷ እጅ የዞረበትን አልፈልግም። የራሴን ስጠኝ።»

ሃኒ ተጠርታ መጣች። የተደረገውን ሁሉ ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ገመዱ ነው። «ነቅለሽው ነው እትዬ? እንዲሁ?» ያልተጠናቀቁ ጥቂት ደረሰኞች ከመጥፋታቸው በቀር ጉዳት አልነበረም፤ ያንንም አጣርታ ስትጨርስ ሳላሀዲንን በቁጣ ተናገረችው። ሰው በሌላ ሰው ስም መግባት የለበትም፤ ሲሳሳት ማን እንደተሳሳተ አይታወቅም፤ ሲስተሙ የተሠራው እያንዳንዱ በራሱ ስም፣ በተፈቀደለት ልክ እንዲሠራ ነው። ለዘይባና ለፈቲሀ ለየራሳቸው የማጽደቅ ሥልጣን ሰጠቻቸው። የሳላሀዲንን ፓስወርድ ቀየረችው። አዲሱን ለማንም እንዳይናገር አስማለችው፤ እሱም ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሏ ስም ወልቂጤ ላይ ሲበራ በእርግጥ እሱ ራሱ ነው፤ ይህንን ደግሞ ዘይባ ከቀድሞው የከፋ ሆኖ አገኘችው፣ ምክንያቱም አሁን የምትጠራጠርበት ክፍተት እንኳ የለም።

«ካሸሮቹንም አንሺልኝ» አለቻት ለሃኒ ልትሄድ ስትል።

«የትኛውን?»

«የተገዛውን። ያንን ቀላሉን ጫኚበት።»

ሃኒ ስትፈልገው የነበረ ቢሆንም ምክንያቱን ጠየቀች። ዘይባ ስለ ኃይሌና ስለተሻገሩት ደንበኞች አወራቻት። «የወልቂጤዎቹ ይሮጣሉ አሉ» የሚለውን ግን አልጨመረችም።

ካሸሮቹ በአዲሱ ሲከፈቱ ተራራው ጠፋ። ሸረፋ ደረሰኝ ሲጫን ማተሚያው ወዲያው ተንጓጓ። ቀና ብሎ ዘይባን ሊያያት ፈልጎ ተወው፤ ደግ አደረገ።

በወሩ መጨረሻ ሳላሀዲን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። በበደሉ ሲብሰለሰል ከርሞ፣ እንደ ልማዱ በግዢ ሊክሰው ፈልጓል። «ለወልቂጤም ሰርቨር ልግዛ» አለ፣ ዘይባና ሃኒ በተቀመጡበት። «እዚህ ካለው ጋር አንድ ዓይነት። ያኔ ማንም ምንም አይልም።»

«ሁለት ዋና አይኖርም፤ ይጋጫሉ» አለች ሃኒ። ዘይባ በዚህ ንግግር ውስጥ ሌላ ነገር የሰማች ይመስል ሳል ያዛት። ሃኒ ቀጠለች። «ግን ወልቂጤ ግልባጭ የሚይዝ ማሽን ብታስቀምጡ እኔም ልመክራችሁ ነበር። እዚህ የሚጻፈው ሁሉ እዚያም ይገለበጣል። ይሄ ቢሰረቅ፣ ቢበላሽ፣ ንብረታችሁ አይጠፋም። እሱም ላይ ሊኑክስ ነው የምጭነው።»

ሳላሀዲን ወደ ዘይባ ተመለከተ። ሊወስን የሚችለው እሱ ነው፤ ቢሆንም ጠበቃት። ጠብቆ ያውቅ እንደሆነ ዘይባ ለማስታወስ ሞከረች።

«የኔ ሁሉ እሷ ዘንድ ይገለበጣል ማለት ነው?» አለች።

«የሁላችሁም» አለች ሃኒ።

«ዋናው ግን እዚህ ነው።»

«እዚህ ነው።»

«እሷ ግልባጭ።»

«ማሽኑ ነው እትዬ ግልባጩ።»

«እሺ፣ ማሽኑ» አለች ዘይባ። «ይሁን።»

ወሬውን ሳላሀዲን እንዲያደርሰው አልፈለገችም። ከእሱ አፍ ሲወጣ ለፈቲሀ የተሰጠ ስጦታ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ራሷ ደወለች። ስለ ልጆቹ ጠየቀች፤ ተጠየቀች። ከዚያ ነገረቻት፤ እንዲህ ያለ ማሽን ይመጣልሻል፣ የኔ ሁሉ አንቺ ጋ ይገለበጣል፣ ግልባጭ ነው የሚሉት። ግልባጭ የምትለዋን ቃል ትንሽ ጎተት አድርጋ አጣጥማ ነው ያለቻት።

ፈቲሀ ሳቀች፤ ዘይባ ሳቋን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«ግልባጭ መሆን አይከፋኝም እትዬ» አለች። «ያንቺ የተቃጠለ ቀን ዋናው የኔ ነው።»

ዘይባ ተናደደች፤ ተናድዳም ሳቋ አመለጣት፤ ሁለቱንም ለመደበቅ «ደህና ዋዪ» ብላ ዘጋች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጥቂት ተቀመጠች። በግድግዳው ማዶ ማራገቢያው ይሰማል።

«ሸረፋ!»

«አቤት እትዬ።»

«የእሳት ማጥፊያ የት ነው የሚሸጠው?»

«አዲስ አበባ ነው የሚገኘው። ለምኑ ነው?»

«ለሰርቨሩ ክፍል። የሀቢቡ አባት ነገ ሲወጣ ንገረው» አለች። «ትልቁን ያምጣ። አንድ ብቻ።»